እንቁላሉ ገጽ ላይ ለቀሩት ልጆች

የተከበራችሁ አባቶቼና እናቶቼ፤ ረጅም መንገድ አቋርጠው የደረሱት ታላቅ ወንድሟ፤ ዳይሬክተራችን፤ የሥራ ባልደረቦቼ፤ ልጆቻችሁን ለጎረቤት አደራ ሰጥታችሁ የመጣችሁ ወላጆች፤ በዚህ ፀሐይ ስለ እሷ ብላችሁ ቆማችኋልና ብድራችሁን በደስታ ይመልስልን። ከኋላ ያላችሁ ጠጋ በሉ። ድምፄ ዛሬ ሩቅ አይሄድም።

አሳጥር ተብያለሁ። አሳጥራለሁ። እሷም ብትሆን ያንኑ ነበር የምትለኝ። «ጎረቤት፣ ወሬህን ቁረጠው!» ጎረቤት ነበር የምትለኝ። የኔ ክፍል የአንደኛ ክፍል ሒሳብ ነው፤ የእሷ መዋዕለ ሕፃናት። በመካከላችን አንድ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ። እኔ ሳስደምር እሷ ትሰማለች፤ እሷ ስታነብ እኔ እሰማለሁ። እንዲህ እየተደማመጥን አረጀን።

ልጆቹ እትዬ ይሏታል። እኛም ከልጆቹ ተምረን እትዬ አልናት። ዳይሬክተሩም እትዬ፣ ዘበኛውም እትዬ። የሁሉ እህት ነበረች። የሁሉ እህት የሆነ ሰው ከሥራ ወጥቶ ቤቱ ሲገባ በሩን የሚከፍትለት ማን ነው? ይህን ማን ጠይቆ ያውቃል?

ከእኔ በፊት የተናገሩት ወንድማችን «ትዕግሥቷ ወሰን አልነበረውም» አሉ። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የትኛዋን እትዬ ነው የሚያውቁት? ሙት ወቃሽ አያድርገኝ፤ እትዬ ሻይ እስኪበርድ መጠበቅ የማትችል ሴት ነበረች። ምላሷ ሁልጊዜ እንደተቃጠለ ነው። በስብሰባ ላይ ሰው ንግግሩን ሲያንዛዛ ወንበሯ መንቀጫቀጭ ይጀምራል። ዳይሬክተራችን ይመስክሩ። ይኸው፣ እየሳቁ ነው።

አንድ ጠዋት አውቶቡስ ተሰልፈን ስንጠብቅ አንድ ጎልማሳ ከፊቷ ሹልክ ብሎ ገባ። ምን እንዳለችው እዚህ አልደግመውም፤ ቦታው አይፈቅድም። ሰውዬው አውቶቡሱን ትቶ በእግሩ ሄደ። እሷም እስክንደርስ ድረስ አልበረደላትም። የትምህርት ቤቱን በር በእግሯ ገፍታ ነው የገባችው።

ከዚያ ደወል ተደወለ። እኔ ወደ ክፍሌ፣ እሷ ወደ ክፍሏ። ጠመኔዬን አንስቼ ሳላበቃ ከግድግዳው ማዶ ያ ድምፅ መጣ። ዝግ ያለ ድምፅ። ለስለስ ያለ ድምፅ። «ልጆች፣ ዛሬስ ምን እናያለን?»

ያቺው ሴትዮ ናት? እምላለሁ፣ አላመንኩም።

በእረፍት ሰዓት ያዝኳት። «እትዬ፣ ይሄን ትዕግሥት ከየት አመጣሽው? ጠዋት አልነበረሽም እኮ።»

«አሁንም የለኝም» አለችኝ። «ከልጆቹ ጋር እየተማርኩ ነው። እነሱ በየዓመቱ ያልፋሉ፤ እኔ እደግማለሁ።»

ሳቅን። የዚያን ቀን ቀልድ መስሎኝ ነበር።

እንዴት ታስተምር እንደነበር ያላያችሁ አላችሁ። ስሙኝ። እትዬ መጽሐፍ አንብባ አትጨርስም። የሥዕል መጽሐፏን ማቆሚያው ላይ ትዘረጋለች። ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ይቀመጣሉ። አንድ ገጽ ትገልጣለች። በቃ። ለቀኑ ያ ነው። አንዳንዴ ለሳምንቱም ያው ገጽ ነው። ሕጓ አንድ ነው፦ ሁሉም ሳያይ ገጽ አይገለጥም። ፈጣኑ ልጅ «አየሁት፣ አየሁት!» ይላል። «ጎበዝ፤ እንግዲህ ያላየውን ጠብቀው» ትለዋለች። ደግሞ ማየት ማለት እሷ ዘንድ በዓይን ማየት ብቻ አይደለም። «በዚህ ሥዕል ውስጥ የከፋው ማን ነው?» ብላ ትጠይቃለች። እሱን ያላገኘ አላየም።

ማስተማር የጀመርኩ ሰሞን ነው። ከግድግዳው ማዶ ድምፅ ጠፋብኝ። ሕፃናት ያሉበት ክፍል ጸጥ ሲል ደግ አይደለም። ወይ አንዱ ጠመኔ ውጧል፣ ወይ ሁሉም ወጥተው ሄደዋል። ሮጬ በሩን ከፈትኩት። ሁሉም አሉ። ሁሉም ሥዕሉን እያዩ ነው። እትዬ ዞር ሳትል በእጇ ግባ አለችኝ። ገብቼ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። ምን ላድርግ?

ሥዕሉ ላይ ዝናብ ይዘንባል። ትልቅ ዛፍ አለ። ፍየሉ፣ ጥንቸሉ፣ ዝንጀሮው ሥሩ ተጠጋግተው ተጠልለዋል። ደስ የሚል ሥዕል ነው። እኔ አየሁና ጨረስኩ። ሒሳብ አስተማሪ አይደለሁ? ቆጠርኩ፤ አበቃሁ። ልጆቹ ግን ዝም ብለው ያያሉ። ያያሉ። ኋላ አንዲት ድምጿ የማይሰማ ልጅ ጣቷን ዘረጋች። ከገጹ ጥግ፣ ከዛፉ ጥላ ውጭ፣ ጃርት ቆሟል። ዝናብ ይደበድበዋል።

«ለምን ውጭ ቀረ?» አለች እትዬ።

«እሾኩ ይወጋቸዋላ!» አሉ።

«ታዲያ ምን ይሁን? እዚያው ይቅር?»

ዝም አሉ። እሷም ዝም አለች። እኔ መልሱን ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ በዓይኗ መለሰችኝ። ዝምታው እንዴት ያለ ዝምታ መሰላችሁ! ደቂቃው አያልቅም። ከዚያ አንዱ ልጅ ተነሳ፣ ፊቱን ወደ ጓደኞቹ፣ ጀርባውን ወደ እኔ አዞረ። «እንዲህ ሆኖ ይግባ» አለ። «እሾኩን ወደ ውጭ አድርጎ።»

እኔ ይህን መልስ አላሰብኩትም። እናንተ አስባችሁታል? እትዬ ልጁን ግንባሩን ሳመችው። ከዚያ ገጹን ገለጠችው።

እሷም እንደዚያ ነበረች ብል አትቆጡኝ። ከውጭ የነካት ይወጋል። ፊቷ ግን ወደ ልጆቹ ነበር።

ሌላም ልንገራችሁ፤ ይሄኛውን ግን ልብ ብላችሁ ስሙት፣ ዛሬ ለምን እንዲህ እንደምለፈልፍ በኋላ የሚገባችሁ በሱ ነው። አንድ ዓመት አንዱ ልጅ ኩፍኝ ወጣበትና ቀረ። ገጹ ደግሞ ጥሩ ቦታ ላይ ነው፤ ጀልባዋ ልትገለበጥ ነው። ልጆቹ «ግለጪው፣ ግለጪው» አሉ። «ሁሉም አይቷል?» አለች። አላየም፤ አንዱ የለም። «እሱ ሳይመጣ አይገለጥም።» ገጹ እዚያው ቆመ። በመጀመሪያው ቀን አለቀሱ። በማግሥቱ አጉረመረሙ። ከዚያ ግን ሌላ ነገር መጣ፤ በየጠዋቱ በሩን ያዩ ጀመር። «ዛሬ ይመጣ ይሆን?» ይባባላሉ። ያ ልጅ በፊት ማንም የማይፈልገው፣ አፍንጫው የሚፈስ፣ ጨዋታ የማይችል ልጅ ነበር። ድኖ የመጣ ቀን ጩኸቱ የኔን ክፍል አናወጠው። እጁን ጎትተው አስገቡት። «ና እይ! ና እይ! አንተን ጠብቀን ነው!» ከፊት አስቀመጡት። እናቱ በሩ ላይ ቆማ ታለቅስ ነበር። እናቱ ዛሬም እዚህ አለች።

ሰው ተጠበቀ፤ ሰው መጣ። ልጆቹ ይህን ተማሩ። ታላላቆቹ ለታናናሾቹ እየነገሩ ሕግ ሆኖ ቀረ። አንድ ሰው ከጎደለ ገጹ አይገለጥም።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ።

እትዬ ስትታመም መጽሐፉ እንቁላሉ ገጽ ላይ ነበር። ሥዕሉ ቀላል ነው። ጎጆ አለ፤ በጎጆው ውስጥ አንድ እንቁላል፤ እንቁላሉ ላይ የተቀመጠች ወፍ። ዙሪያውን ሌሎች ወፎች ከጫጩቶቻቸው ጋር ይበራሉ። የእሷ ብቻ ገና ነው። እትዬ ወደ ሆስፒታል በገባች ማግሥት ዳይሬክተራችን ወደ ልጆቹ ክፍል ሄዱና በደግ አንደበት «እትዬ ትንሽ አሟታል፤ እናንተ ጸጥ ብላችሁ ጠብቋት፣ ትመጣለች» አሏቸው። ያን ቀን እውነት ነበር። ሁላችንም ትመጣለች ብለን ነበር። ጋሼ፣ እኔም ብሆን ያንኑ እል ነበር፤ ቀና ይበሉ።

እኛ አስተማሪዎቹ እየተፈራረቅን እናያቸው ጀመር። የስፖርት አስተማሪያችን ልጆቹን ላስደስት ብሎ ገጹን ሊገልጥ እጁን ዘረጋ። ያ ግዙፍ ሰውዬ፣ ኳስ ሲለጋ መሬት የሚያንቀጠቅጠው፣ ከክፍሉ ደንግጦ ወጣ። ጮሁበት። «አይገለጥም! እትዬ አልመጣችም!»

ከትናንት ወዲያ ማለዳ አረፈች። ቤተሰብ ተሰብስቦ ቀብሯ እስኪፈጸም ለልጆቹ አይነገር ተባባልን። ትናንት እኔ ከክፍሌ ሆኜ ሳዳምጥ ከግድግዳው ማዶ ድምፅ የለም። ምንም። ሄድኩ። በሩን ከፈትኩት።

ማንም አስተማሪ አልነበረም፤ ተረኛዋ ውሃ ልታመጣ ወጥታለች። ልጆቹ ግን ምንጣፉ ላይ በረድፍ ተቀምጠዋል። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። አይነጋገሩም። አይገፋፉም። እንቁላሉን ያያሉ፣ ከዚያ በሩን ያያሉ። እኔን ሲያዩ ፊታቸው በርቶ ነበር፤ እኔ መሆኔን ሲያውቁ መልሰው ወደ እንቁላሉ ዞሩ።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«እትዬን እየጠበቅን።»

በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጨዋ ክፍል አላየሁም። እንደዚያ ያለ አንጀት የሚበላ ነገርም አላየሁም።

ከክፍሉ ጥግ አንዲት ልጅ ለብቻዋ ተቀምጣለች። ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ፤ ቁንጫ የምንላት ናት። መቼም ቁንጫ መባሏ ያለ ነገር አይደለም፤ አንድ ቦታ ተቀምጣ አታውቅም። ትናንት ግን ሁለት እጆቿን ከሥሯ አድርጋ ተቀምጣባቸዋለች። እንዳይንቀሳቀሱባት።

ጠጋ ብዬ «ቁንጫዬ፣ ለምን ከነሱ ተለየሽ?» አልኳት።

«እኔ ስለምንቀሳቀስ ነው እትዬ የማትመጣው» አለችኝ። «እነሱ ናቸው ያሉኝ። እውነታቸውን ነው።» ትንሽ አሰበችና «ዛሬ ግን አልተንቀሳቀስኩም። ነገ ትመጣለች?» አለችኝ።

ወገኖቼ፣ ምን ብዬ ልመልስላት? እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ?

«አንቺ አይደለሽም» አልኳት። ከጎኗ፣ ከዚያች ትንሽ ወንበር ላይ፣ ጉልበቴ አገጬን እየነካ ተቀመጥኩ። ደወሉ እስኪደወል አብረን ተቀመጥን። እሷም አልተንቀሳቀሰች፤ እኔም አልተንቀሳቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ ከራሴ የማይወጣ አንድ ነገር አለ። ሆስፒታል ልጠይቃት የሄድኩ ጊዜ ነው። እትዬ ያው እትዬ ናት፤ ነርሷን «ይሄ የግሉኮስ ጠብታ እንቅልፍ ይዞታል እንዴ?» እያለች ትነዘንዛለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ልጆቼ የት ደረሱ?» አለችኝ።

«እንቁላሉ ላይ ናቸው።»

«እስካሁን?»

«አንቺን እየጠበቁ ነዋ» አልኳት፤ ደስ የሚላት መስሎኝ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ምን አስቸኮለሽ?»

አልሳቀችም። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ጎረቤት፣ ግለጥላቸው» አለችኝ።

«አንቺ ስትመጪ ትገልጪላቸዋለሽ።»

«አንተ ደግሞ! ሰው መጠበቅ የሚማረው የሚመጣ ነገር ሲኖር ነው። የማይመጣን ነገር ማስጠበቅ ግፍ ነው። ግለጥላቸው ስልህ!»

እኔ የሕመም ቁጣ መስሎኝ ብርቱካን ላጥኩላት። እሷ ግን አውቃ ነበር። ያን ቀን አውቃ ነበር።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ከታላቅ ወንድሟ ጋር ለቀብሯ የምትለብሰውን ልብስ ልናመጣ ቤቷ ሄድን። አንዲት ክፍል ናት። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር። እንግዳ የሚቀመጥበት ሁለተኛ ወንበር የለም። መደርደሪያው ላይ የሥዕል መጽሐፎቿ፤ ጠርዛቸው በፕላስተር የተያያዘ፣ ገጻቸው በትንንሽ ጣቶች የወየበ። ልብሱን ስናጥፍ አከራይዋ መጡ። «አይ ልጄ» አሉ፤ «ማታ ማታ ድምጿን እንሰማ ነበር። ስታነብ። ሰው ያለ ይመስለን ነበር። ትጠይቃለች፣ ከዚያ ዝም ትላለች። መልስ እንደምትጠብቅ። ከዚያ ደግሞ ትቀጥላለች።»

ታላቅ ወንድሟ የያዙትን ሹራብ አልጋው ላይ አስቀመጡት። «ለማን ነበር የምታነበው?» አሉኝ።

ለራሷ ነዋ! በየዓመቱ ክፍል እየደገመች መሆኑን ነግራኝ አልነበር? ጠዋት ለልጆቹ የምትሰጠውን ዝምታ ማታ ብቻዋን ትለማመደው ነበር። ባዶ ክፍል ውስጥ ጥያቄ መጠየቅና መልስ መጠበቅ ምን ያህል ይከብዳል? ያን ሁሉ ዓመት፤ አንድ ወንበር ባለው ቤት ውስጥ። እኛ ትዕግሥቷን እንጂ ዋጋውን አላየንም። ብቸኛ ነበረች። ይህን እዚህ ካልተናገርኩት የት እናገረዋለሁ?

ወላጆች፤ አሁን እናንተን ልለምን። ይህ የለቅሶ ወግ አይደለም፤ ልመና ነው። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። «ሩቅ አገር ሄደች» አትበሏቸው፤ ሩቅ አገር የሄደ ይመለሳል። «ተኝታለች» አትበሏቸው፤ የተኛ ይነሳል። «ጎበዝ ከሆናችሁ» የምትል ቃልማ ከአፋችሁ እንዳትወጣ። ሞታለች በሏቸው። አትመጣም በሏቸው። እናንተ በደንብ ጠብቃችኋል፤ የጎደለ ነገር የለም፤ የማንም ጥፋት አይደለም በሏቸው። ያለቅሳሉ። ይልቀሱ። አብራችሁ አልቅሱ። እንቁላል በመጠበቅ ይፈለፈላል፤ የሞተ ሰው ግን በመጠበቅ አይመጣም። ይህንን ከኛ ካልሰሙ ከማን ይሰሙታል?

የቁንጫ እናት፣ የት ነሽ? አየሁሽ። እህቴ፣ ያንቺ ልጅ ከሁሉም በፊት ትስማ። እጇን ይዘሽ ንገሪያት። ከነገርሻት በኋላ ደግሞ ትሩጥ። ግቢውን ሁሉ ትዙር፤ አጥር ላይ ትውጣ፤ ሠፈሩን ታምሰው። ማንም «ተቀመጪ» እንዳይላት።

እትዬ፤ አሁን ከአንቺ ጋር ነኝ።

እረፍት ሲደወል ግድግዳውን ታንኳኪልኝ ነበር። ሻይ ደረሰ ማለትሽ ነው። ያረፍሽ ቀን ደወሉ ተደወለ፤ ልጆቼ ወጡ። እኔ ቀረሁ። ጠመኔውን እንደያዝኩ ኮምፔርሳቶው አጠገብ ቆምኩ። ምን እንደምጠብቅ አውቄዋለሁ፤ አለመኖርሽንም አውቄዋለሁ፤ ግን ቆምኩ። ይኸው ሽበት ያበቀለ ሰው እንደዚያ ሲሆን፣ እነዚያ ሕፃናት ምን ይሁኑ?

ነገ ጠዋት ክፍልሽ እገባለሁ። ምንጣፉ ላይ አብሬያቸው እቀመጣለሁ። እንደሞትሽ የሰማም ይኖራል፣ ያልሰማም ይኖራል፤ እኔው እንደገና እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ገጹን እገልጠዋለሁ። ይጮሁብኛል። «እትዬ ሳትመጣ!» ይሉኛል። ይበሉኝ። እኔ ግን እገልጠዋለሁ። እንዳልሽኝ።

አፈሩ ይቅለልሽ፣ እህቴ። የቆየሽልን ይበቃል። ልጆቹ ይወዱሻል። እኔም እወድሻለሁ፤ በሕይወት ሳለሽ ወሬዬን ታስቆርጪኝ ስለነበር አልነገርኩሽም፣ አሁን ግን አታስቆርጪኝም። ደህና ሁኚ እትዬ።

ከእንግዲህ አንጠብቅሽም።